ጋሽ ጀሶ የዳነበት ሰሞን

እትዬ ፋሻ «እትዬ» መባል የጀመረችው ገና በወጣትነቷ ነው፤ «ፋሻ» ለመባል ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትዘጋጅ ኖራለች። አባቷ ፍራሽ ሰሪ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ከሰው ይልቅ ጥጥ ይበዛ ስለነበር፣ መራመድ ስትለማመድ ወድቃ የተጎዳችበት ቀን የለም ይባላል። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የተጎዳ ነገር ስታይ ዝም ብላ ማለፍ የማይሆንላት። እግሩ የተወላገደ ወንበር ትጠቀልላለች። እጀታው የተሰነጠቀ ማንቆርቆሪያ ትጠቀልላለች። የጎረቤት ድመት ጅራቷን በር ቆንጥጧት ስትጮኽ፣ ድመቷን ጭኖቿ መሐል አስገብታ ጅራቷን ከሥሩ እስከ ጫፉ ጠቅልላ ለቀቀቻት። ድመቷ ጅራቷን እንደ ሻማ አቁማ ሰፈሩን ስትዞር የሳቀው ብዙ ነበር። አባቷ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ጅራቱን ዳሰሱና፣ «ጥብቅ ነው፤ ግን አያንቅም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የሰማ ሰው የለም።

ጥበቧ ይህ ሲሆን ጉድለቷም ከዚሁ የተወለደ ነው፤ አንዴ የጠቀለለችውን መፍታት አትችልም። ወንበሩ ተጠግኖ ጤነኛ ከሆነ በኋላም ጨርቁ አይፈታም። በደንብ የተጠቀለለ ነገር ሲፈታ ማየት አንጀቷን ይበላዋል። አባቷ ካረፉ በኋላ ከታላቅ እህቷ ጋር ቀረች፤ ሁለቱ በሚኖሩበት ቤት ወንበሮቹ በጨርቅ፣ ማንኪያዎቹ በወረቀት፣ ሬዲዮው በወፍራም ሹራብ እንደተጠቀለሉ ነው። እህቷ ዜና የምትሰማው ትራስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው የምታዳምጥ ይመስል ጆሮዋን ለጥፋ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ ራሴን ተጠቅልዬ አገኘዋለሁ እያለች ለጎረቤት ታማርራለች።

መድኃኒት ቤት የገባችው ጠርሙስ ልታጥብ ነው። ባለመድኃኒቱ ሽማግሌ፣ ቃልና አምፖል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። «እህ» ካሉ እሺ ማለታቸው ነው፤ «እህ» ካሉ እምቢ ማለታቸውም ነው። ልዩነቱን ለመለየት እትዬ ፋሻ አንድ ክረምት ፈጅቶባታል።

የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ያን ጊዜ የዝንብ መቃብር ነበር። ፀሐይ ያነጣቸው ባዶ ካርቶኖች ተደርድረውበታል። ከበላዩ አንድ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ የብርታት መድኃኒት የጠጣ ፈርጣማ ሰው በሬን በቀንዱ ይዞ ሲጥል የሚያሳይ ሥዕል ነው። ዓመታት ሲያልፉ የበሬው ቀለም ከሰውየው ቀለም ቀድሞ ስለጠፋ፣ ሰውየው ብቻውን ከነፋስ ጋር የሚታገል መስሎ ቀርቷል። ይሄን የጠጣ ሰው ያብዳል ማለት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ደንበኛም አልጠፋም።

አንድ ቀን ማንም ሳያዛት መስኮቱን አጠበችው። ከዚያ የእግር ዱቄት ጣሳዎችን እንደ ግንብ ካበች፤ ጥጡን በክር አንጠልጥላ ደመና አስመሰለችው። የሳሙና ተራ ሲደርስ ሁለት ፎጣ ጎን ለጎን ሰቀለች፤ አንዱ የታጠበ፣ አንዱ ያልታጠበ። ያልታጠበው የባለመድኃኒቱ የራሳቸው ፎጣ ነበር። ደንበኞች ለይተው ሲሳሳቁ ሽማግሌው ወጥተው አዩት፣ አወቁት፣ «እህ» ብለው ተመልሰው ገቡ። በዚያ ሳምንት መደርደሪያ ላይ የነበረው ሳሙና ሁሉ አለቀ። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ የእሷ ሆነ። ጠርሙስ ማጠቡ አልቀረላትም፤ ግን ጠዋት መንገደኛ ሁሉ አንገቱን ወደ እሷ ሥራ ሲያዞር ማየት የቀን ስንቅ ሆነላት። እህቷ ትዳር እያለች ስታነሳባት እሷ ስለ መስኮቱ ታወራለች።

ጋሽ ጀሶ የመጣው ማዕዘኑ ላይ የነበረው የልብስ መደብር ሲዘጋ ነው። ልብስ አልብሰው በር ላይ የሚያቆሙት የጀሶ አሻንጉሊት ሰው ነበር፤ ቁመቱ ሙሉ ሰው ያህላል። ባለመድኃኒቱ ያስመጡት አልሸጥ ያለ የወገብ ሕመም ቀበቶ ስለነበራቸው ነው። በጋሪ ተጭኖ ሲደርስ የአፍንጫው ጫፍ ተሸርፏል፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም፣ ከአንገቱ እስከ ትከሻው ስንጥቅ ወርዶበታል። ያ ሁሉ ደርሶበትም ፈገግ ብሏል። እትዬ ፋሻ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ቀበቶውን አስራለት፣ ሽርፉን ለመሸፈን አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጠፈችበት።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ቀበቶውን ያየ የለም። ሁሉም የሚጠይቀው አፍንጫው ምን ሆኖ እንደሆነ ነው። አትክልት ሻጯ፣ ከመስኮቱ ሥር ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግታ የምትውለው ሴትዮ፣ ለጠየቃት ሁሉ ሳታመነታ መልስ ትሰጥ ነበር። በር መትቶት ነው ትላለች። ጋሽ ጀሶ የሚል ስም ያወጣችለትም እሷ ናት።

በዚያው ሰሞን አንድ የጤና አስተማሪ በመንገዱ ያልፋል። ከሲታ፣ ረጅም፣ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው ነው። ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ሥዕል፣ አንገቱ ላይ የድምፅ ማጉያ አንጠልጥሎ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ይውላል። ሥራው ሕዝቡን ማስተማር ነው፤ ችግሩ ሕዝቡ የሚማረው እሱ ያላሰበውን መሆኑ ነው። ዳቦ ላይ ያረፈ ትልቅ ዝንብ የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ያየው ሁሉ በዳቦው ተጎመጀ፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሌላ ቅጂ ካለ ለእኛም ስጠን ብሎ ለመነው። ያን ቀን መስኮቱ ፊት የቆመውን ሕዝብ ሲያይ የድምፅ ማጉያውን ከአንገቱ አወረደ። ሰው ሳይጠራ የሚመጣበት ቦታ እስከዚያ ቀን ድረስ አይቶ አያውቅም ነበር።

ገብቶ ባለመድኃኒቱን አነጋገረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጋሽ ጀሶ በየሰኞው አንድ ጉዳት ይድረስበት፣ እትዬ ፋሻ እንዴት እንደሚታሰር ታሳይ፣ እሱ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ያስረዳ። ሽማግሌው «እህ» አሉ። እሺ የሚለው «እህ» ነበር።

እንዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሰኞ ጋሽ ጀሶ እጁን ተቃጠለ፤ አስተማሪው ቃጠሎ ላይ ቅባት አትቀቡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት እያለ በቀጭን ዱላ እያመለከተ አስተማረ። ቀጥሎ ክንዱ ተሰበረ፤ እትዬ ፋሻ ጋዜጣ አጥፋ ደገፈችውና በሻርፕ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችው። ውሻ ነከሰው፤ ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚኬድ ተነገረ። ራሱን ተፈነከተ። ጉልበቱ ወለቀ። ዓይኑ ውስጥ እንጨት ገባ። መንደሩ የጋሽ ጀሶን መከራ እንደ ተከታታይ ወሬ ይጠብቀው ጀመር። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚያረፍድ ሰው ምክንያቱ ይታወቃል። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ብርቱካን አስቀምጦ «እግዜር ይማርህ» ብሎ የሚሄድ አለ፤ ብርቱካኑን ላጥ አድርጋ የምትበላው አትክልት ሻጯ ነበረች፣ እሱ እንደሁ አይችልም እያለች። ትምህርቱም ከንቱ አልቀረም። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ክንዱ ተሰብሮ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ጓደኞቹ ልክ እንደ ጋሽ ጀሶ በጋዜጣ ደግፈው፣ በሻርፕ አንጠልጥለው አመጡት። አስተማሪው ይህን ለእትዬ ፋሻ ሲነግራት ሁለት ጊዜ ደገመው። እሷም ፊቷን ወደ ጠርሙሶቹ አዞረች።

አስተማሪው በየሰኞው የሚመጣው ሱቁ ሳይከፈት ነው። እሷ ስትጠቀልል እሱ ፋሻውን ይዞላት ይቆማል፤ ፊቱ ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም። የሚያወሩት ስለ ቁስል ነው። እሷ እንደሆነ ከሥራዋ ሌላ ምንም እንደማታይ እርግጠኛ ነበረች።

ያላሰቡት ነገር የሚፈጠረው ግን እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ክንዱ ሲታሰር የተቃጠለው እጅ አልተፈታም፤ በደንብ የተጠቀለለ ነበርና አሳዘናት። ራሱ ሲታሰር ክንዱ አልተፈታም። ጉልበቱ ሲታሰር ራሱ አልተፈታም። ሁለት ዓመት ሲሞላ ጋሽ ጀሶ ከፈገግታው በቀር የሚታይ አካል አልነበረውም። አስተማሪውም ስለ ጉዳቱ እንጂ ስለ መዳኑ ሐሳብ አልነበረውም፤ የሚቀጥለው ሰኞ ምን ይሁን ሲል ያለፈውን ረሳ።

ነገሩን መጀመሪያ በቃል ያወጣችው አትክልት ሻጯ ናት። አንድ ሰው ለልጁ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ መስኮቱን ቀና ብሎ አየ፣ አየና መንገዱን ተሻገረ። በዚያ ማዶ አዲስ መድኃኒት ቤት ተከፍቷል፤ ዙሪያውን የሚሮጥ የመብራት ጽሑፍ አለው። እትዬ ፋሻ ጠርሙስ ይዛ ወጥታ፣ ሰውየው ለምን ሄደ ብላ ጠየቀቻት።

«ምን ያድርግ ልጄ?» አለች አትክልት ሻጯ ሽንኩርቷን እየላጠች። «ሁለት ዓመት እናንተ ጋ የተኛ ሰው እየባሰበት ሄደ እንጂ መቼ ተሻለው? የራሳቸውን በሽተኛ ያላዳኑ የእኔን ልጅ ያድናሉ ብሎ ማን ያምናል?»

እትዬ ፋሻ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሆና ያየችውን ያን ጊዜ ከውጭ ሆና አየችው። እዚያ ቆሞ የነበረው ትምህርት ሳይሆን፣ መድኃኒት ቤት መሐል ሆኖ መድኃኒት ያላገኘ ምስኪን ነው።

ወሬው ከእሷ በፊት ዞሮ ጨርሷል። ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ደንበኛ ይድናል፣ እዚህ ያለው ይጠቀለላል ይባል ነበር። አንዳንዱ ጋሽ ጀሶ ያልዳነው ሽማግሌው መድኃኒቱን በውሃ ስለሚያቀጥኑት ነው እስከማለት ደርሷል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በጋን ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ያልታመመው ሁሉ ማዶ እየሄደ ይታከም ጀመር።

በማግስቱ ባለመድኃኒቱ ከዕቃ ቤቱ አንድ ትልቅ ካርቶን አውጥተው ግድግዳ አስደግፈው አቆሙ። መድኃኒት ፋብሪካ የላከው ማስታወቂያ ነው፤ በሰው ቁመት ልክ የተቆረጠች፣ ጠርሙስ ይዛ የምትስቅ ሴት። ጥርሷ ከበር እስከ በር ይታያል። እትዬ ፋሻ በልቧ ባለጥርሷ አለቻት። ሽማግሌው ከመቼውም ይልቅ ብዙ ቃል ያወጡት ያን ቀን ነው።

«ወሩ እስኪያልቅ» አሉ። «ከዚያ እሱ ይወጣል፣ እሷ ትቆማለች። አንቺም ወደ ጠርሙስሽ።»

ባለጥርሷ እንደምትስቅ ቀረች። መስኮቱ ውስጥ ብትቆም ከዚያ በኋላ የሚጠቀለል፣ የሚደረደር፣ የሚታሰብ ነገር አይኖርም፤ ካርቶን አቧራዋ ከተጠረገ ይበቃታል። እትዬ ፋሻ ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን አላየችውም።

ሰኞ ጠዋት አስተማሪው አዲስ ጉዳት አስቦ መጣ፤ የእባብ ንክሻ ነበር። እሷ ግን ፋሻውን ሳታነሳ፣ ይሄ ሰው መዳን አለበት ብላ ነገረችው፤ የሰማችውንም፣ የባለጥርሷንም ነገር አወራችለት። አስተማሪው ጋሽ ጀሶን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚጠብቀው ትምህርቱን ሳይሆን ሰውየው የሚድንበትን ቀን መሆኑ አሁን ገባው።

«እንግዲህ እናድነዋ» አለ። «ግን በአንዴ አይሆንም። በአንድ ጀንበር ከዳነ ማንም አያምነንም። ቀስ በቀስ ነው እንቁላልም በእግሩ የሚሄድ።»

እቅዱ ጥሩ ነበር፤ ችግሩን ያስታወሰችው ግን እሷ ብቻ ናት። ከፋሻው ሥር ያለው ሰው ጤነኛ አይደለም። ሁለት ጣቶች የሉትም፣ አንገቱ ተሰንጥቋል፣ አፍንጫው ተሸርፏል። ሕዝቡ ፊት ተፈቶ ያ ቢታይ፣ ሁለት ዓመት ታክሞ ጣቱን ያጣ ሰው ነው የሚሆነው። ለአስተማሪው ግን አልነገረችውም፤ እሱ በእቅዱ ደስ ብሎት ሳለ ማበላሸት አልፈለገችም። ለእህቷ ነገረቻት።

እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ከባለመድኃኒቱ ቁልፍ ተቀብለው ገቡ። እህቷ ጀሶውን በሳህን እንደ ሊጥ እያቦካች፣ እትዬ ፋሻ ጋሽ ጀሶን መሬት ላይ አስተኝታ መፍታት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ እጇ አልታዘዝ አላት። የራሱን ፋሻ ጫፍ ይዛ ተቀምጣ ቀረች፤ መቼም እንዲህ ያማረ ጥቅልል ሠርታ አታውቅም ነበርና። እህቷ ጀሶው እየደረቀ መሆኑን አስታወሰቻት። ያን ጊዜ ሳበችው። ፋሻው ሲፈታ ከጠበቀችው የቀለለ ሆነባት፤ ከሥሩ ያለው ራስ ንጹሕ ነበር፣ ለሁለት ዓመት አቧራ እንኳ አልነካውም።

የአንገቱ ስንጥቅ ተደፈነ። ሁለት ጣቶች ተሠሩ፤ ትንሽ ወፈሩ። እህቷ ጣቶቹን አይታ፣ ሰውየው እኮ ታሞ ነው የከረመው፣ እጁ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው ብላ ሳቀች። በመጨረሻ አፍንጫው ቀረ። እትዬ ፋሻ ጀሶውን በጣቷ ወስዳ ለጠፈች፣ አለሰለሰች፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ አየች፣ እንደገና ጨመረች። ምንም ነገር አይታ አልቀዳችም፤ እጇ ራሱ የሚያውቀውን ሠራ። ሲያልቅ እህቷ አጠገቧ መጥታ ቆመች፣ አፍንጫውን ዝቅ ብላ በአንድ ጎን፣ ዞራም በሌላው ጎን አየችው።

«ይሄ አፍንጫ የማን ነው?»

«የጋሽ ጀሶ ነዋ።»

«እህ» አለች እህቷ፣ ልክ እንደ ሽማግሌው። ከዚያ ሳህኑን ልታጥብ ሄደች። እትዬ ፋሻ ይሄ «እህ» የትኛው እንደሆነ ሳይገባት ጀሶው ሲደርቅ ሁሉንም መልሳ ጠቀለለችው። አሁን ግን ለመፍታት ብላ ነበር የጠቀለለችው፤ አጠቃለሏም ያን ያህል ጥብቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየሰኞው ጋሽ ጀሶ አንድ ነገር ይፈታለታል። መጀመሪያ ጉልበቱ ሲፈታ አስተማሪው ቁስል ፋሻው ሳይቀየር ከቆየ እንደሚመረቅዝ፣ በየጊዜው እየታጠበ መቀየር እንዳለበት ነገረ። ክንዱ ሲፈታ ከመካከል አንድ ሰው አጨበጨበ። ራሱ ሲፈታ፣ ፀጉር የሌለው መሆኑን ያላወቁ ሰዎች በበሽታው ነው የረገፈው ተባባሉ፤ አስተማሪው ሳይመልስ አለፈው። የማዶው ባለመብራት መድኃኒት ቤት ባለቤትም በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይከታተል ጀመር።

የወሩ መጨረሻ ሰኞ ሲደርስ የቀረው አፍንጫው ላይ ያለው ፕላስተር ብቻ ነው። ሕዝቡ እግረኛ መንገዱን ሞልቶ አስፋልቱ ድረስ ወርዷል። ባለመድኃኒቱ ከውስጥ፣ ከባለጥርሷ አጠገብ ቆመዋል፤ ከጋሽ ጀሶና ከእሷ ማን መስኮቱ ውስጥ እንደሚቀር ዛሬ ይለያል። እትዬ ፋሻ መስኮቱ ውስጥ ገብታ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ አነሳች። ከዚያ እጇ ቆመ። በሁለት ዓመቱ መጀመሪያም የለጠፈችው እዚሁ ቦታ ነበር። ሥሩ ያለው ነገር ያማረ ይሁን አስቀያሚ፣ እሷ ስትሠራው እንጂ ሰው ሲያየው አላየችም። ከመስኮቱ ሥር አትክልት ሻጯ ቀና አለች።

«ፍቺው ልጄ» አለች በቀስታ። «ይተንፍስበት።»

ፈታችው።

ጀሶው ነጭ፣ ንጹሕ፣ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ያበራ ነበር። አፍንጫው ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይ ጎበጥ ይላል። አትክልት ሻጯ ጋሽ ጀሶን አየች። ከዚያ ዱላውን ይዞ የቆመውን አስተማሪ አየች። እንደገና ጋሽ ጀሶን አየች።

«ይቺን አፍንጫ እኔ አውቃታለሁ» አለች።

ሳቁ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያልገባው የገባውን እየጠየቀ፣ የገባው ሆዱን ይዞ። ማዶ ያለው ባለመብራት እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ ሊያይ መጣ። እትዬ ፋሻ ያን ጊዜ ነው እጇ ምን እንደሠራ ያየችው። በየሰኞው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ፋሻ የያዘላት ፊት፣ ቁስል እንጂ ሌላ አላይም ብላ የማለችበት ፊት፣ ሕዝብ ፊት በጀሶ ቆሞ ፈገግ ብሏል። መስኮቱ ውስጥ መሸሸጊያ የለም። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ቢጠቀልሏት ምንኛ ደስ ባላት።

አስተማሪው አፍንጫውን በጣቱ ነካ። ከዚያ ዱላውን ወደ መስኮቱ ዘረጋ።

«እንደምታዩት» አለ፣ «በደንብ የተያዘ ቁስል ምልክት አይተውም። አንዳንዴ ከድሮውም ያማረ ሆኖ ይድናል።»

ይህን ሲል መስኮቱን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ጆሮው ቢቀላም ማንም አላስቸገረውም።

ባለመድኃኒቱ በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል በሩን ከፍተው ወጡ። ሕዝቡን አዩ፣ አፍንጫውን አዩ፣ አስተማሪውን አዩ። «እህ» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ገብተው ባለጥርሷን በብብታቸው አቅፈው አመጡና ለአትክልት ሻጯ ሰጧት። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለጥርሷ በሁለት እንጨት ተደግፋ ቲማቲሙን ከፀሐይ ትከላከላለች፤ አትክልት ሻጯም ገበያዬ የደመቀው በጥርሷ ነው ትላለች።

ጤነኛው ጋሽ ጀሶ ለሁለት ሳምንት እጁን ሲታጠብ ቆመ፤ ሳሙናና ውሃ ፊቱ ተቀምጦለት። በሦስተኛው ሳምንት ሰው እሱን ማየት አቆመ። አትክልት ሻጯ እንኳ፣ ይሄ ሰው አሁን ምንም አይሆንም እንዴ ብላ ስትነጫነጭ ተሰማች። ስለዚህ እትዬ ፋሻና አስተማሪው ተመካክረው አዲስ ሥርዓት አወጡ። ጋሽ ጀሶ ሰኞ ይጎዳል፣ ዓርብ ይድናል። ዓርብ ከሰዓት ፋሻውን የምትፈታው እሷው ናት፤ እጇ አሁን አይቆምም። ማዶ የሄዱት ደንበኞችም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ዓርብ ሲድን አይተው ሳል የያዛቸው ሁሉ ቅዳሜ መጥተው ሽሮፕ ይገዛሉ።

አስተማሪው ደግሞ አንድ እሑድ ቤታቸው መጣ። እህቷ በር ስትከፍት ሳቋን በመዳፏ አፍና ነበር፤ ከእሱ ቀድሞ አፍንጫው ገባ ብላ በኋላ ለጎረቤት አውርታለች። የሚቀመጥበት ወንበር በጨርቅ ተጠቅልሏል። እትዬ ፋሻ ጎንበስ ብላ የጨርቁን ቋጠሮ ፈታችና፣ «ይቀመጡ» አለችው። ከሥሩ የወጣው ቆዳ እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ተቀመጠ፤ አልተወላገደም። እሷም እጇ ስለለመደላት ሬዲዮው ወዳለበት ሄዳ ሹራቡን አወለቀችው።

ዘፈን ላይ ነበር። ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ ከመስኮቱ አልፎ ጎረቤት ድረስ ሄደ። እህቷ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ሬዲዮው ዞረች፤ የማታውቀው ሰው ቤቷ የገባ ያህል አየችው።

«እንዲህ ነበር እንዴ የሚዘፍነው?» አለች።